መዝሙሩን የቀደመው ስክሪን

ኢንስፔክተር ሥርጉት ወደ ላይ አምባ አማኑኤል ሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ስትገባ ጄኔሬተሩ ገና አልጠፋም ነበር። መድረኩ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን አንድ መልአክ ክንፉን ቀስ አድርጎ ይዘረጋል፣ መልሶ ይሰበስባል፣ ደግሞ ይዘረጋል። ያንን መልአክ ያንቀሳቀሰው ወጣት ግን ከስክሪኑ ጀርባ፣ መብራቶቹ ከተሰቀሉበት የብረት ስካፎልዲንግ ሥር፣ በደረቱ ተደፍቶ ቀርቷል። ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስና ሲራወጥ መልአኩን ማቆም ያሰበ አልተገኘም።

ሟቹ ኒቆዲሞስ ይባላል። የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚዲያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ኃላፊ ይባል እንጂ ክፍሉ በሙሉ ሁለት ሰው ነው፤ እሱና ጓደኛው አለምነው። እህቱ የዓለምዘርፍ ኩዌት ሰባት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ዘመዱ ሁሉ ወርቅና ቴሌቪዥን ሲጠብቅ እሷ ለወንድሟ ላፕቶፕና ባለ ቀለም መብራቶች ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ በመካነ ሰላም ከተማ ጉባኤ እንደ ድሮው መሆኑ ቀረ። ኒቆዲሞስ በደብሩ ግድግዳ ላይ የደበዘዙትን ጥንታዊ ሥዕሎች ፎቶ እያነሣ በላፕቶፑ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ፈረሱ ይሰግራል፣ መልአኩ ይበራል፣ የመዝሙሩ ግጥም ከሥር ይጻፋል። ባልቴቶቹ ሲያዩ እልል ይላሉ፤ አንዳንዱ ሽማግሌ ደግሞ ራሱን ይነቀንቃል።

የዚያን እሑድ ጉባኤ የተጀመረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ለስክሪኑ ሲባል የአዳራሹ መስኮቶች በጥቁር ላስቲክ ተሸፍነው ውስጡ ጨልሞ ነበር። ሦስተኛው መዝሙር እንዳለቀ ኒቆዲሞስ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ሥዕሎቹ እንዲናገር መርሐ ግብር ተይዞለታል። ስሙ ተጠራ፤ አልወጣም። ደግሞ ተጠራ። የመዘምራኑ መሪ ሊድያ መጋረጃውን ገልጣ ከስክሪኑ ጀርባ ገባች፤ ወዲያው ጩኸቷ ተሰማ።

«ወድቆ ነው» አለ የሰማው ሁሉ። ማስረጃውም ግልጽ ይመስላል። ከስካፎልዲንጉ በሦስተኛው ደረጃ ላይ አንዱ ማሰሪያ ላልቶ ቧንቧው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ብረቱን የተከለው የከተማው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሕመድኑር ነው፤ እሱም ሥርጉት ከመድረሷ በፊት በፖሊስ መኪና ተጭኖ ሄዷል።

የፖሊስ ኃላፊው በር ላይ ይዞ አነጋገራት። ሽማግሌዎቹ ልጁን በማግስቱ እኩለ ቀን ሊቀብሩት ይፈልጋሉ፤ ነገሩ ሌላ ከሆነ ግን አስከሬኑ ለምርመራ ደሴ መሄድ አለበት።

«እስከ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ጊዜ አለሽ» አላት። «ከዚያ በኋላ አሕመድኑርን በቸልተኝነት ሰው በመግደል እከሰዋለሁ።»

ሥርጉት ልቧ ከበዳት። አሕመድኑር ለሃያ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑንም የመስጊዱንም ገመድ የዘረጋ፣ ለጥምቀትም ለመውሊድም መሰላል ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ነው። መታሰሩ አንድ ነገር ነው፤ ነገ በገበያው «ልጃችንን የገደለው የእሱ ብረት ነው» መባሉ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ወሬ አንዴ ከወጣ በፍርድ ቤት ውሳኔ እንደማይመለስ ታውቃለች። ከሁሉም በላይ የፈራችው ይህንን ነበር።

አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ ወደ እሷ የመጣው አለምነው ነው። «እትዬ» ብሎ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። እንባው ትከሻዋን አራሰው። አለምነው የከላላ ልጅ ነው፤ የሥርጉትም አገር እዚያው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሊማር መካነ ሰላም የመጣ ጊዜ እናቱ አደራ ብላ ለእሷ ሰጠቻት፤ አራት ዓመት ከቤቷ በላ፣ ከቤቷ አደረ። ለእሷ ከወንድም የሚያንስ አልነበረም። ጀርባውን እየዳበሰች «አብሽር» አለችው፤ እስኪረጋጋ ጠበቀችና ሥራዋን ጀመረች።

«ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«ጠረጴዛዬ ላይ። ከመጀመሪያው መዝሙር ጀምሮ አልተነሣሁም።»

«ስክሪኑንም መብራቱንም የምትመራው አንተ ነህ?»

«አዎ። እያንዳንዱን የግጥም አንጓ በእጄ ነው የምቀይረው፤ የሊድያን አፍ እያየሁ። አንድ አፍታ ዓይኔን ባነሣ ግጥሙ ይሳሳትና ሕዝቡ ይስቅብናል።» አፍንጫውን ጠረገ። «ለአሕመድኑር እኮ ነግሬው ነበር፣ እትዬ። ያ ብረት ይነቃነቃል ብዬው ነበር።»

መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ከአዳራሹ ኋላ፣ ብርሃኑ ሰው እንዳይረብሽ በጥቁር ጨርቅ ዙሪያውን ተጋርዷል። ከጎኑ ወደ ጓሮ የምታስወጣ ጠባብ በር አለች። እዚያ የተቀመጠውን ማንም አያየውም፤ መኖሩን የሚመሰክርለት የስክሪኑ መቀያየር ብቻ ነው። ሥርጉት ይህንን አስተዋለችና ብዙም ሳታስብበት አለፈችው። በኋላ ስታስታውሰው ለራሷ አፈረች።

ወደ አስከሬኑ ተመለሰች። አስከሬኑን ያየው የጤና መኮንን የሞት ምክንያት ይሆናል ያለው ከራስ ቅሉ በስተኋላ ያለውን አንድ ስንጥቅ ነው፤ ልጁ ግን የተደፋው በፊቱ ነው። ተንበርክካ ከራስ እስከ እግር አየችው። ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ፣ አንገቱ ላይ ማዕተብ፣ እግሩ ላይ ጥቁር የቆዳ ጫማ፤ ክሩ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ከግድግዳው ሥር የተረፉ አጫጭር ቧንቧዎች ተከምረዋል። ሁሉም የሲሚንቶ አቧራ ለብሰዋል፤ አንዱ ብቻ ተጠርጎ ያብረቀርቃል። እሱን በጨርቅ ጠቅልለው እንዲይዙላት አዘዘች። ከዚያ መሰላሉን ወጥታ ማሰሪያዎቹን ተመለከተች። በእያንዳንዱ ብሎን ላይ፣ ከብሎኑ ወደ ብረቱ የሚያልፍ ቀጭን ቀይ መስመር ተስሏል። በላላው ላይ ብቻ መስመሩ ተሰብሯል።

አሕመድኑር ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሯል። ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልጠየቀም።

«ጋሽ አሕመድኑር፣ ብሎኑ ላይ ያለው ቀይ መስመር ምንድን ነው?»

«የልጄ የሀናን የጥፍር ቀለም ነው» አለ አፈር ብሎ። «አጥብቄ ስጨርስ በላዩ አንድ መስመር እቀባለሁ። ሰው የነካው እንደሆን መስመሩ ይሰበርና ያሳብቃል። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፤ ወላሂ ሁሉም ደህና ነበሩ።»

«በከበሮው ንዝረት ሊላላ አይችልም?»

«ያ ብሎን እንግሊዝ ቁልፍና የሰው ክንድ ይፈልጋል።»

ከስድስት ሰዓት በኋላ ወደዚያ ማን ገባ ብላ ጠየቀችው። ከሚዲያ ክፍሉ ልጆች በቀር ማንም እንዳልገባ፣ እሱ ራሱም መዝሙሩ ሲዘመር በወዲያኛው ጓሮ ከጄኔሬተሩ ጋር ብቻውን እንደነበረ ነገራት። ራሱን የሚጎዳውን ሳይደብቅ መናገሩ ገረማት። ድንገት ግን ሐዘኑ ወደ ቁጣ ተለወጠበት።

«ኒቆዲሞስን ስንቴ ተቆጣሁት መሰለሽ! ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነው ብረት ላይ የሚወጣው። ጫማ ያንሸራትተኛል ይላል። ክረምትም በጋም እንደዚያው ነው። አልሰማ አለኝ፤ ይኸው!»

የሥርጉት እስክሪብቶ ቆመ። ሰውየው የተናገረው ለራሱ ምን ያህል እንደሚጠቅመው አልገባውም፤ እሷም አልነገረችውም። ውኃ እንዲሰጡት አዝዛ ወጣች።

የደብሩ የዜማ መሪ መሪጌታ ቢተው ዘንድ ስትሄድ ነገሩ ሊያልቅላት ተቃርቦ መስሏት ነበር። አርብ ዕለት መሪጌታ በደጀ ሰላሙ ላይ ኒቆዲሞስን በሰው ፊት ገሥጸውታል። ቅዱስ ሥዕል እንደ ሲኒማ አይንቀሳቀስም፤ ይህ ነገር እስካለ ድረስ ጉባኤው ላይ እግሬ አይረግጥም ብለው ነበር፤ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ሽማግሌው ግን የተቀበሏት ዓይናቸው አብጦ ነው።

«አልመጣም ብለው አልነበረም፣ መሪጌታ?»

«ቅዳሜ ማታ ብቻውን ቤቴ መጣ፤ ጉልበቴን ሳመ። አንድ ጊዜ ይዩትና ከጠሉት በእጄ አጠፋዋለሁ አለኝ። ታረቅን። እንደምመጣ ግን ለማንም እንዳይነግር ነገርኩት፤ ሰው መሪጌታ ቃሉን አጠፈ እንዳይል።»

«አዩት ታዲያ?»

«አየሁት» አሉ። «የሦስተኛው መዝሙር ሦስተኛው አንጓ ላይ መቋሚያዬን አነሣሁ። ማውረድ አቃተኝ።»

በዚያ ደብር ልማድ ነው። መዝሙሩ ልባቸውን ሲነካው መሪጌታ መቋሚያቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ መቋሚያው እስካልወረደ ድረስ መዘምራኑ ያንኑ አንጓ ይደጋግማሉ። መሪጌታ የተቀመጡት ከፊተኛው ረድፍ ነው፤ አራት መቶ ሰው አይቷቸዋል። ኒቆዲሞስን ከስክሪን ጀርባ ሄደው ሊገድሉት አይችሉም። ሥርጉት ይቅርታ ጠይቃ እጃቸውን ሳመች።

ሊድያ የተናገረችው እንኳን ለሥርጉት፣ ለራሷም መጀመሪያ ዋጋ ያለው አልመሰላትም። ሰው ሁሉ የት የት እንደነበረ እየቆጠረች ስትናገር አለምነው ከጠረጴዛው እንዳልተነሣ መሰከረች።

«በምን አወቅሽ?» አለቻት ሥርጉት።

«ስክሪኑ ይቀያየር ነበራ። ፊት ለፊታችን ባለችው ትንሿ ቴሌቪዥን እናየዋለን።»

«በትክክል ይከተላችሁ ነበር?»

ሊድያ ቀስ ብላ «አይ» አለች። «ቀደመን። እኛ ሦስተኛውን አንጓ ስንደጋግም እሱ አራተኛውን፣ አምስተኛውን አለፈ። ጭራሽ ስድስተኛው ላይ ደርሶ ቆመ። ተናድጄበት ነበር። በኋላ አራተኛውን ጨርሰን አምስተኛውን ስንጀምር ብድግ ብሎ ወደ እኛ ተመለሰ።»

ሌላም ነገር አስታወሰች። ቅዳሜ በልምምዱ ጊዜ ሁለቱ ጓደኛሞች ላፕቶፑ ላይ ሲከራከሩ ሰምታለች። ኒቆዲሞስ «መጨረሻ» ብሎ የሰየመውን አንድ ፋይል ቆልፎበት፣ አለምነው ክፈተውና ልየው ሲለው፣ ነገ ሰው ሁሉ ሲያይ ታየዋለህ ብሎታል። አለምነው ፊቱ ልክ አልነበረም።

ሥርጉት ከዚያ ስትወጣ እግሯ ወደ ልቅሶው ቤት እየሄደ ልቧ ወደ ኋላ ይጎትታት ነበር። አለምነው ደንግጦ ተሳስቶ ይሆናል፣ እጁ ስቶት ይሆናል እያለች ለራሷ ጠበቃ ሆነችለት። ሃያ ዓመት በፖሊስነት ስትሠራ ለአንድም ተጠርጣሪ እንዲህ ተከራክራ አታውቅም።

የዓለምዘርፍ ድንኳኑ ውስጥ አታለቅስም ነበር። እንባዋ ያለቀ ይመስል ደርቃ ተቀምጣለች። ወንድሟ ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ስልኩን አይቶ ሲያበቃ ፍራሹ ላይ ወርውሮት ሲወጣ አይታዋለች። እሑድ ጠዋት ግን ፊቱ በርቶ ነበር።

«ዛሬ እርቅ አለብኝ ብሎኝ ወጣ፤ ከመሪጌታ ጋር መስሎኝ ነበር» አለች።

«ከመሪጌታ ጋር ቅዳሜ ታርቋል።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው?»

ሥርጉት ግን የጉባኤውን ቪዲዮ የሚያገኝላት ሰው እንዳለ ጠየቀች። በሰንበት ትምህርት ቤቱ ገጽ በቀጥታ ተላልፎ ነበር፤ አሁን ግን ጠፍቷል፤ አለምነው ኔትወርክ ተቆርጦ ሳይቀመጥ ቀረ ብሏቸዋል። የገጹን የይለፍ ቃል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሞቷል። የዓለምዘርፍ ግን ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። የአጅባሯ ሀዲያ፣ ኩዌት አብራት የሠራችው፣ አሁንም እዚያው ናት። የዓለምዘርፍ የወንድሜን ሥራ ትይልኝ ብላ ሦስተኛውን መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀርጻ ልካላት ነበር። ሀዲያም ያየችውን አይታ በድምፅ መልሳለች፤ «ማሻአላህ፣ ምን ያለ ክንፍ ነው! ጽሑፉ ግን ከዘፈኑ ጋር ለምን አይሄድም?» ትላለች።

ሥርጉት ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየች፤ በሦስተኛው ሰዓቷን ፈትታ ፊቷ አስቀመጠች። ከዚያ የዓለምዘርፍ የወንድሟን ስልክ ከፈተችላት። ሐሙስ ዕለት የተቀመጠ አንድ ገጽ ተገኘ። የአዲስ አበባ ስቱዲዮ ነው፤ ያ መልአክ ክንፉን ይዘረጋል፤ ከሥሩ፣ ይህንን ድንቅ ሥራ የሠራው አለምነው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ባልደረባችን ይሆናል፤ የእሑዱንም ጉባኤ በቀጥታ እንከታተላለን ይላል።

የዓለምዘርፍ ስክሪኑ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ግራ ክንፉን እዪው» አለች። «ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል እዚህ ጋ ተልጦ ጠፍቷል። በምን ልሙላው ብሎ ሲጨነቅ ከርሞ የእኔን ነጠላ ጥለት ፎቶ አነሣና ከእሱ ላባ ሠራለት። ይኸው፣ ይህ ነው።» ከትከሻዋ የነጠላዋን ጠርዝ አውርዳ ከስልኩ ጎን ያዘችው። አረንጓዴው፣ ወርቅማው፣ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ ጠብታ፣ ሁሉም አንድ ነው።

ሥርጉት ወደ አዳራሹ ተመልሳ የመቆጣጠሪያውን ላፕቶፕ አየች፤ የጠረጴዛውንም መሳቢያ ሳበች። ቤቷ ስትገባ አለምነው ይተኛበት የነበረው አልጋ አሁንም ከጓዳው በር አጠገብ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ብርድ ልብስ የደረበችለትን ልጅ እንደማታውቀው ገባት፤ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መሪጌታ ቢተው ወንበር ተሰጣቸው፤ ሊድያና የዓለምዘርፍ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አሕመድኑር በሁለት ፖሊስ መካከል ቆመ፤ የፖሊስ ኃላፊው በሩን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል። አለምነው ጄኔሬተሩን አስነሥቶ ስክሪኑን እንዲያበራ ለመነችው፤ አበራው። መልአኩ ክንፉን ዘረጋ።

«ኒቆዲሞስ አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «ብረት ላይ ሲወጣ ጫማውን ያወልቃል፤ ይህንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሲገኝ ግን ጫማው በእግሩ፣ ክሩም በደንብ እንደተቋጠረ ነው። ስለዚህ አልወጣም። መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ከኋላው ተመታ። የተመታበት ቧንቧ ከክምሩ ውስጥ ተጠርጎ ተመልሷል፤ ከሌሎቹ የለየው ንጽሕናው ነው።»

«ማሰሪያውስ?» አለ ኃላፊው።

«ማሰሪያውን ያላላው ሰው የአሕመድኑርን ቀይ መስመር አላወቀውም። ከስድስት ሰዓት በኋላ በቁልፍ ፈታው፤ መስመሩ ተሰበረ። የወደቀ እንዲመስል፣ ጥፋቱም በአሕመድኑር እንዲያርፍ ነው።»

አሕመድኑር ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሥርጉት ወደ የዓለምዘርፍ ዞረች።

«ወንድምሽ የዚያን ዕለት እርቅ አለብኝ ብሎሻል። ከመሪጌታ ጋር ታርቋል። የቀረው የበደለው ሰው ነው። የወንድምሽን መልአክ በራሱ ስም ለስቱዲዮ ሰጥቶ ሥራ ያገኘበት ሰው። ያ ሰው ይቅርታ ልጠይቅህ፣ በሦስተኛው መዝሙር ከስክሪኑ ጀርባ ጠብቀኝ ብሎት መሆን አለበት።»

ማንም ወደ አለምነው አልዞረም ነበር፤ አሁን ሁሉም ዞሩ።

«እትዬ» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «እኔ እኮ ከጠረጴዛው አልተነሣሁም። ስክሪኑን ማን ይቀይረው ነበር?»

«የላፕቶፑ ሰዓት» አለችው። «ቅዳሜ በልምምዱ ላይ አንጓዎቹ የሚቀያየሩበትን ጊዜ ላፕቶፑ ላይ ቀድተሃል። እሑድ ቁልፉን ተጭነህ በጓሮ በር ወጣህ። የዓለምዘርፍ በቀረጸችው ቪዲዮ ላይ ስክሪኑ የተቀያየረው ከቅዳሜው ጋር ሰከንድ ሳይዛነፍ ነው። የሊድያን አፍ እያየሁ በእጄ ቀየርኩ ያልከኝ ሰው ሊድያ ሦስተኛውን አራት ጊዜ ስትደግም እንዴት ስድስተኛው ላይ ደረስክ?»

አለምነው ዓይኑን ወደ ላፕቶፑ ላከ።

«ቅዳሜ በልምምዱ ላይ መሪጌታ አልነበሩም፤ መቋሚያ የሚያነሣ ስላልነበረ ምንም አልተደገመም። እሑድም አይመጡም ብለህ ነው፤ አልመጣም ማለታቸውን እንደ ሰው ሁሉ ሰምተሃል። ኒቆዲሞስ እንደታረቃቸው ግን አልነገረህም፤ አደራ ስላሉት። ስትመለስ ሰው የሚዘምረውና ስክሪኑ ሲለያይ አየህና ወደ አምስተኛው መለስከው። እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ማታ ደግሞ የገጹን ቪዲዮ አጠፋህ። መሳቢያህ ውስጥ ያለው እንግሊዝ ቁልፍ ጥርሱ ላይ የሀናን የጥፍር ቀለም ተፈርፍሯል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ሊድያ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አለምነው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«በመጨረሻው ላይ ሊያጋልጠኝ ነበር» አለ። «ስቱዲዮው እያየ፣ ሕዝቡ እያየ። ፋይሉን ቆልፎብኝ ነበር። ለምኜዋለሁ። ክፈተውና ልየው ብዬ ለምኜዋለሁ። ከላላ ተመልሼ ምን ልሁን? እናቴ ለአገሩ ሁሉ ነግራለች።»

«ፋይሉን አሁን እየው» አለች ሥርጉት።

የዓለምዘርፍ ተነሥታ ወደ ላፕቶፑ ሄደች። የይለፍ ቃሉ የእናታቸው ስም ነበር፤ ጠዋት ከሥርጉት ጋር ሆነው ከፍተውታል። እሑድ ንጋት ላይ፣ ኒቆዲሞስ የአለምነውን ክፋት ካወቀ ከሦስት ቀን በኋላ፣ የተስተካከለ ነው። መልአኩ ክንፉን አጠፈ፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ከዚያ በነጭ ፊደል አንድ መስመር ቀስ እያለ ተጻፈ።

ሥዕሎቹን ያንቀሳቀሱት፦ አለምነው እና ኒቆዲሞስ።

ሌላ ምንም አልነበረበትም።

«ስምህን አስቀደመው» አለች የዓለምዘርፍ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ለዚያ ነው ለመስማት የከበደው። «እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር። ጨርሶ አላደርገውም።»

አለምነው ስክሪኑን ማየት አቅቶት ራሱን በክንዶቹ መካከል ቀበረ። ሥርጉት ካቴናውን ከወገቧ አውጥታ ወደ እሱ ሄደች። ይህንን ለሌላ ፖሊስ መተው ትችል ነበር፤ አልተወችም። የእጁ አንጓ ላይ ስትቆልፈው ቀና ብሎ አያት።

«እትዬ…»

«ኢንስፔክተር በለኝ» አለችው።

ኃላፊው ለአሕመድኑር እጁን ዘርግቶ ይቅርታ ጠየቀው፤ አስከሬኑም ወደ ደሴ እንዲሄድ አዘዘ። አሕመድኑር ጨበጠው፤ ወደ ውጭ ግን አልሮጠም። መሬቱን እያየ ወደ የዓለምዘርፍ መጣ፤ አላህ ያጥናሽ አላት፤ ከዚያ ጄኔሬተሩን ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷ ስክሪኑን ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ግራ ክንፉ ላይ የእሷ ጥለት ያለበት መልአክ እንደገና ተዘረጋ።

«መኪናው ወንድሜን ይዞ እስኪወጣ ይቆይ» አለችው።

አሕመድኑር ወደ ጓሮ ወጥቶ ጄኔሬተሩ አጠገብ ተቀመጠ። መኪናው በደጁ አልፎ ወደ ደሴ መንገድ እስኪታጠፍ ድረስ ነዳጁን ይጠብቅ ነበር፤ ከዚያ አጠፋው።